ጀልባው ለሙሉ ቀን ይያዝ ወይስ ለግማሽ?

ስምንት ነን። ዕቁባችን ሁለት ዓመት ሳይቋረጥ ዘልቆ የመጨረሻው ዕጣ ሲወጣ፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ወርደን ሦስት ቀን እንረፍ ተባለ። እስከዚህ ድረስ የተቃወመ የለም። ጠቡ የመጣው ከመካከላችን አንዱ «አንዱን ቀን ጀልባ ለብቻችን ተከራይተን፣ ከንጋት እስከ ማታ ጥልቅ ባሕር ላይ ዓሣ ስናጠምድ እንዋል» ሲል ነው። ጭቅጭቁ ከአንድ ጀበና ወደ ሌላው እየተሸጋገረ መቋጫ ስላጣ፣ ሁለቱ ተከራካሪዎች ነገራቸውን በጽሑፍ ያቅርቡ ተባባልን። አንደኛው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ሁለተኛዋ የመጋላ ሰፈር ልጅ፣ የዕቁባችን ሂሳብ ያዥ ናት። ድምፅ የምንሰጠው ሁለቱንም አንብበን ነው።

መካኒኩ

የተከበሩ ሂሳብ ያዣችን፣ እርስዎን በወረቀት መሞገት እንደማያዋጣኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልሞክር።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከጅቡቲ ሲመለስ አንዳንድ ጊዜ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ዓሣ ይዞ ይገባል። እናቴ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ ስትፍቅ፣ የሚፈናጠረው ቅርፊት እግራችን ላይ እየተለጠፈ እንደ ሳንቲም ያበራል። ማታ ታጥበን እንኳን አንድ ሁለቱ ቁርጭምጭሚታችን ላይ ይቀር ነበር። እኔ ባሕርን የማውቀው ይህን ያህል ነው። ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በፈረንጆቹ 1902 ነው፤ ከተማችንም የተቆረቆረችው በእርሱ ምክንያት ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ከባሕር የመጣ ዕቃ ስናራግፍ ኖረን፣ ከስምንታችን ባሕር ላይ አንድ ሙሉ ቀን የዋለ ሰው የለም።

ሙሉ ቀን ያልኩት ለመዝናናት ብቻ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ሰዓት ይፈልጋል። ቱና፣ ባራኩዳ፣ ካራንግ የሚባሉት አንድ ቦታ ተቀምጠው አይጠብቁህም። አራት አምስት ክር ከጀልባው ኋላ ተለቅቆ፣ ዓሣ የሚመስሉ ማታለያዎች እየተጎተቱ ይዞራል። ወፎች ተሰብስበው ውሃው ላይ ሲወረወሩ ከታዩ ከሥራቸው ትናንሽ ዓሣዎች አሉ፤ ትናንሾቹን ከታች የሚያሳድዱ ትልልቆች ስላሉ ነው ወደ ላይ የወጡት። ካፒቴኑ ወደዚያ ያቀናል። ይህ ነገር በመጀመሪያው ሰዓት ሊገጥመን ይችላል፤ በስምንተኛው ሰዓትም እንዲሁ። ግማሽ ቀን የያዘ ሰው በስምንተኛው ሰዓት ሆቴሉ ውስጥ ተኝቷል።

ጥልቁ ደግሞ ሩቅ አይደለም። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቁ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይወርዳል። የምንሄድበትን ጊዜም መርጫለሁ። ክረምቱን አልነካውም፤ ከምዕራብ በሚነፍሰው፣ ሐምሲን በሚባለው ትኩስ ነፋስ ምክንያት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ኅዳር መግቢያ ላይ እንሂድ። አየሩ ቀዝቅዟል፣ የዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሣዎች ወደ አርታ ዳርቻ መምጣት ጀምረዋል፣ የነቢያት ጾም ደግሞ ገና ኅዳር 15 ነው የሚገባው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ሌላ ክርክር ከወዲሁ ዘጋሁት ማለት ነው።

ለብቻችን ይሁን የምለውም በምክንያት ነው። ከማናውቀው ሰው ጋር በጋራ ከተሳፈርን፣ አንዱ ሊዋኝ፣ አንዱ ፎቶ ሊያነሳ፣ አንዱ ሙሻ ደሴት ወርዶ አሸዋ ላይ ሊተኛ ይፈልጋል። ዓሣ የሚፈልግ ሰው ተራውን ሳያገኝ ቀኑ ይመሻል።

ሂሳብ ያዧ

«እርስዎ» ብለህ ጀመርክ። ልጅ አባቱን «አንተ» እያለ ባደገባት ድሬ፣ ሰው አንቱ የሚባለው ገንዘቡ ሲፈለግ ነው። አንቺ በለኝና እንቀጥል።

የጆንያውን ነገር ሳነብ እኔም የእናቴ ግቢ ትዝ አለኝ፤ አልዋሽህም። ግን ክርክርህ ውስጥ አንድም ቦታ ዋጋ አልጻፍክም። እስቲ እኔ ልጻፍልህ። የጀልባ ኪራይ የሚቆረጠው በሰው አይደለም፣ በጀልባ ነው፤ ሁለትም ሁኑ ስምንት ያው ነው። ለምሳሌ ያህል 600 ዶላር ነው እንበል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ከዶላር ጋር በ177.721 ተቸንክሯል፣ ስለዚህ 106,600 ፍራንክ ገደማ ይመጣል። ያ ቁጥር ከዓመት ዓመት አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው የእኛ ነው። ዕቁቡን ስናስብ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ያኔ ጀልባው 34,200 ብር ይሆን ነበር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው ተለቅቆ በዓመቱ 130ን አለፈ። በ130 ስታሰላው 78,000 ብር፣ ለያንዳንዳችን 9,750። ዓሣው ያው፣ ጀልባው ያው፣ ባሕሩም ያው።

አሁን ይህን ገንዘብ የምንከፍልበትን ቀን ለሁለት ክፈለው። ጠዋቱ ጥሩ ነው፤ አልክድም። ቀዝቀዝ ይላል፣ ውሃው ይተኛል፣ ዓሣውም ንጋት ላይ መንጠቆ ይነክሳል። ከቀትር በኋላስ? ባሕረ ሰላጤው አፉን ወደ ምሥራቅ ከፍቶ ነው የተኛው፤ በቀዝቃዛው ወቅት ነፋሱም ከምሥራቅ ነው የሚመጣው፣ ከሰዓት ደግሞ ይበረታል። ማዕበሉ በተከፈተ በር እንደሚገባ እንግዳ ሰተት ብሎ ይገባል። እኛ ደግሞ በባጃጅ የከተማችንን ደረቅ ወንዝ ደቻቱን ስንሻገር የሚያጥወለውለን ሰዎች ነን።

ሌላም አለ። ቀትር ላይ ጅቡቲ ምን እንደሚገባ ለድሬ ሰው አይነገርም። የእኛው የአወዳይ ጫት ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ጉንጩን ወጥሮ ይቀመጣል። ማንንም ለመስደብ አይደለም፤ እኛም ቤት ያው ነው። ግን ጓደኞቹ ምንጣፍ ዘርግተው እንደሚጠብቁት የሚያውቅ የጀልባ ሠራተኛ፣ ከዚያ በኋላ ወፍ ቢወረወርም ባይወረወርም ዓይኑ ወደ ወደቡ ነው። አንተ ለስምንተኛው ሰዓት ከፍለሃል፤ እርሱ ለስምንተኛው ሰዓት የለም።

ከዚህ በፊት ደግሞ ተበልተናል። ከአምስት ዓመት በፊት ከእህቶቼ ጋር ለደሴት ጉዞ ቀብድ ከፍለን፣ «በስድስት ሰዓት ኑ» ተባልን። ቁርሳችንን በልተን፣ ሻሻችንን አስረን፣ በቀትር ስድስት ሰዓት ወደቡ ላይ ደረስን። የሰውየው ስድስት ሰዓት የእኛ ንጋት 12 ነበር። ጀልባው ሄዷል፤ ቀብዱም አብሮት ሄዷል። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱም የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ፀሐይ ላይ ቆሜ እህቴ ያለችኝን ቃል እዚህ መጻፍ አይቻልም።

መካኒኩ

እሺ፣ አንቺ።

የሰዓቱን ነገር ተቀብያለሁ። ውሉ ላይ «ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ በእነርሱ 6» ተብሎ ሁለቱም ይጻፋል። ቀብዱም ነፋስ ከከለከለ ተመላሽ ወይም ለሌላ ቀን የሚተላለፍ ካልሆነ አንከፍልም። ነገር ግን «ነፋስ ከከለከለ» የሚለውን የሚወስነው ካፒቴኑ ይሁን፤ እኛ ከሆንን በፎቶ ናፍቆት አብደን «ግድ የለም ውጣ» እንለዋለን።

የጫቱን ነገር ሳነብ ስቄያለሁ፤ መልስ ግን የለኝም። አንድ ብቻ ልበል፦ ከነዳጁ ጋር ጫቱም ጠዋቱኑ አብሮ ይሳፈር።

ስለ ደኅንነት ብዙም አልጻፍሽም፤ እኔ ግን ሞተር ነው ሥራዬ፣ ዝም ብዬ አላልፍም። በአንድ ሞተር ከወደብ የሚወጣ ጀልባ ላይ አልሳፈርም፤ ሁለት ይሁኑ። ተነስተው ሲሠሩ ከጎናቸው ቀጭን የውሃ ክር ይተፋሉ፤ ያ ክር ማቀዝቀዣው ውሃ እየዞረ እንደሆነ የሚነግርሽ ነው። ክሩ ከሳሳ ወይም ከተቆራረጠ ጨው ወይም አሸዋ ዘግቶታል፤ ሞተሩ ሳይርቅ ይግላል። ገና ወደቡ ላይ ሳለን ጣቴን ከሥሩ አስገብቼ አየዋለሁ፤ ሞቅ ማለት አለበት እንጂ መፋጀት የለበትም። የነፍስ አድን ጃኬቶቹን አንድ በአንድ ቆጥሬ፣ ማሰሪያቸውን ስቤ አያለሁ። የሬዲዮ መገናኛው ሲናገር በጆሮዬ እሰማለሁ። ቀይ ባሕር ላይ ከ2023 ማብቂያ ጀምሮ በመርከቦች ላይ የደረሰውን ጥቃት የምታነሺ ከሆነ፣ እኛ ከባሕረ ሰላጤው አፍ አንወጣም።

አሁን ወደ ግማሽ ቀኑ። ጠዋቱ ይበቃል የምትዪው ዓሣ ማጥመድን ገበያ እንደመሄድ ስለቆጠርሽው ነው፤ ገዝቶ መመለስ። ጀርባው ላይ ሸራ የመሰለ ክንፍ የሚዘረጋው ሴይልፊሽ መንጠቆ ከያዘ በኋላ ከውሃው ወጥቶ አየር ላይ ሲገለበጥ፣ ማጠንጠኛው ሲያፏጭ፣ ክሩ ከእጅሽ ሲሸሽ ለማየት አንድ ሰው ስንት ሰዓት ይጠብቃል? እኔ አሥር ሰዓት እጠብቃለሁ። ተይዞም ቢሆን ይለቀቅ ባይ ነኝ፤ ሥጋውን አልፈልገውም። ማየቱን ነው የፈለግኩት።

ሂሳብ ያዧ

አንተ አሥር ሰዓት ትጠብቃለህ። የቀረነው ሰባቱስ?

እንዲህ ያለ ጀልባ ላይ በአንድ ጊዜ አራት ዘንግ ቢሠራ ነው፤ ከዚያ በላይ ክሮቹ ይጠላለፋሉ። አራታችን ስናጠምድ አራታችን ጥላ ሥር ተቀምጠን የሞተር ጢስ እንስባለን። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው ቶሎ የሚያስመልሰው። ኪኒኑ ከመውጣታችን አንድ ሰዓት በፊት ካልተዋጠ፣ ማጥወልወሉ ከጀመረ በኋላ ፋይዳ የለውም፤ ከሆድም አይረጋም። በሦስተኛው ሰዓት አንድ ሰው አረንጓዴ ከሆነ፣ በአንተ ውል እስከ ማታ አረንጓዴ ሆኖ ይውላል፤ ወይም ስለ እርሱ ብለን ሁላችንም እንመለሳለን። ያኔ የማትወደውን ግማሽ ቀን በሙሉ ቀን ዋጋ ገዛህ።

ስለ ውሃ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። በ1998 ዓ.ም ክረምት ደቻቱ በሌሊት በጎርፍ ሞልቶ ሲመጣ ቤታችን ከወንዙ ብዙም አይርቅም ነበር። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ግመል የሚያልፍበት ቦታ በአንድ ሌሊት ምን እንዳደረገ ታውቃለህ። ከስምንታችን ዋና የሚችለው አንድ ሰው ነው፤ እርሱም አንተ አይደለህም። ጃኬቱን ስትቆጥር የእኔን ሁለቴ ቁጠር። እና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደቂቃ ከላዬ አይወልቅም፤ በፎቶ አያምርም የሚለኝ ሰው ካለ አሁኑኑ ይናገር።

ዓሣው ራሱም ይቀራል። አስቀድመህ ጠይቅ፤ ብዙ ቦታ የተያዘው የጀልባው ነው፣ ለተከራዩ ጥቂት ይሰጠዋል። የእኛ ነው ከተባለ ደግሞ፣ ቱና በፀሐይ ላይ የሚውል ነገር አይደለም። ካልቀዘቀዘ ሥጋው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ ከተፈጠረ በኋላ ብትቀቅለው ብትጠብሰው አይጠፋም። ፊት ያቀላል፣ ራስ ይወቅራል፣ ሆድ ይገለብጣል። ጠዋት የያዝከው ዓሣ እስከ ማታ ጀልባው ላይ ከዋለ በረዶው ስንት ጊዜ ይቀልጣል? አንተ ደግሞ፣ አውቅሃለሁ፣ እንደ አባትህ በጆንያ ጠቅልለህ ናጋድ፣ የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ ላይ ልትሳፈር ነው። ያኔ የበላነው ያልጎዳን እድላችን ሆኖ ነው እንጂ ጆንያው በረዶ ሆኖ አይደለም።

እኔ የምፈርመው ይህ ነው። ጀልባው ለብቻችን ይያዝ፤ በዚህ አሸንፈኸኛል፣ ከማላውቀው ሰው ጋር ማስመለስ አልፈልግም። ግን ከንጋቱ 12 እስከ ቀትር ብቻ። ነዳጁ፣ ዘንጉ፣ በረዶውና የመጠጥ ውሃው በዋጋው ውስጥ መሆናቸው ይጻፍ። አራት አራት ሆነን እንፈራረቅ፤ ሴይልፊሽህን የሚያይ አንተ ስለሆንክ በሁለቱም ተራ ኑር፣ የእኔን ዘንግ ሰጥቼሃለሁ። በሚተርፈን ገንዘብ ማታ የመን ቤት እንገባለን፤ ዓሣው ከመሐሉ ተሰንጥቆ በሚጥሚጣ ቀልቶ ከእቶን ሲወጣ፣ ከትልቁ ቂጣ ጋር፣ ማንም ሳያጥወለውለው። በማግሥቱ የሚፈልግ አርታ ሄዶ ሻርኮቹን ይይ፤ እኔ ከዳርቻው ሆኜ ልብስ እጠብቃለሁ።

የበረዶ ሣጥኑን ግን ከወዲሁ ግዛ። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ከሄድክ ክዳኑን ከፍተህ ዝጋው፣ ገልብጠህ አራግፈው፣ ውሃም ሞልተህ እየው፤ ባለፈው የገዛሁት በአንድ ፋሲካ ነው ማጠፊያው የተነቀለው። ደረሰኙን ደግሞ አምጣ።