ቁጭ ብለው የሰቀሉት

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ክፍል ነበረኝ። ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሳይክሌን ከቆመችበት አነሳሁ፣ ገፋ ገፋ አደረግኋት፣ ዘልዬ ወጣሁ። ከዚያ እግሬ ፔዳል አጣ። ወደ ታች ብዘረጋ የለም። ጣቴን ብዘረጋ የለም። አየር ላይ ስቀዝፍ ሁለት ተማሪዎች አይተውኝ ፊታቸውን አዞሩ። ሲስቁ እንዳላያቸው ነው፤ ጨዋ ልጆች ናቸው።

መቀመጫው አንድ ስንዝር ወደ ላይ ተሰቅሏል። የሰቀለውን አውቀዋለሁ። ትናንት ማታ "አንዴ ላይብረሪ ደርሼ ልምጣ" ብሎ የወሰዳት ረጅሙ ጓደኛዬ ነው። ለእሱ ያን ሁሉ ቁመት ሰጥቶ እኔን የነሳኝ አምላክ ይፍረደን።

ካምፓሳችን ፔዳ ነው፣ ባሕር ዳር። ስሙ ከፔዳጎጂ አካዳሚው ዘመን የተረፈ ነው፤ ፖሊ የሚባለው ሌላው ካምፓስም እንዲሁ ከፖሊቴክኒኩ። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተጋብተው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። እኔ ግን ፍሬሽ ሆኜ ስመጣ ፔዳ ማለት ከፔዳል የመጣ መስሎኝ ነበር። አይፈረድብኝም። ከተማው ሜዳ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ዳር ዳሩ ዘንባባ። ነጠላዋን አጣፍታ ሳይክል የምትነዳ እናት እዚህ ብርቅ አይደለችም። ባጃጁ በዝቶ መንገዱን ቢቀማንም ሳይክል ገና አልሞተም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ለሳይክለኛም ቦታ ተትቶለታል። ድልድይ እንኳ ሳይክለኛን ያስባል። ጓደኛዬ ግን መቀመጫ ወደነበረበት መመለስ አቃተው።

"አሁን መጣሁ" ብሎ ነበር የሄደው። በአማርኛ ውስጥ እንደ "መጣሁ" ያለ ዋሾ ቃል አላየሁም። ሰውዬው ገና አልሄደም። ሳይሄድ መጥቷል! ስልክ ደውለህ "የት ደረስክ?" ስትለው "ደርሻለሁ" የሚልህ ሰው ከጀርባው የሻወር ውሃ ይሰማል። የሚናገረው ስላለፈ ጊዜ ነው፣ ጉዞው ገና ነው፣ የምትጠብቀው አንተ ነህ። ሌሎች ሕዝቦች የጊዜ ማሽን ሊሠሩ ይደክማሉ፤ እኛ ግሱን ይዘነዋል።

አያቴ "ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል" የሚለውን ተረት ሳትናገር ውላ አታውቅም። ለዕቁብም፣ ለጋብቻም፣ ለወጥ ጨውም ታውለዋለች። እኔም እወደዋለሁ። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነገር አይገባኝም ነበር። ቁጭ ብሎ መስቀል የቻለ ሰው ቆሞ እንዴት ያቅተዋል? ሲቆም ይበልጥ አይደርስበትም? ዛሬ ጠዋት ገባኝ። የሰቀለው ሌላ፣ የሚያወርደው ሌላ! ተረቱ ስለ ሳይክል መቀመጫ ነው። ሳይክል ከመምጣቱ በፊት መነገሩ የአባቶችን አርቆ አሳቢነት ያሳያል።

ስለ ሳይክልና ስለ ሰው ከተነሳ፣ ሰፈራችን ሳይክል የሚያከራይ አንድ ሰውዬ ነበር። ሩብ ሰዓት በሃምሳ ሳንቲም። መያዣ ጫማችንን አስቀምጠን በባዶ እግራችን እንነዳለን። የሱ ሩብ ሰዓት እንደ ሰው ፊት ይለያያል። ለትልልቆቹ ልጆች ይረዝማል፣ ለእኔ ሰፈሩን ሳልዞር ያልቃል። አንድ ቀን "ፔዳሉን አጣመምከው" አለኝ። ጠማማ ነበር! ስረከበውም ጠማማ ነበር! የቡሄ ሰሞን ስለነበር ሆያ ሆዬ ብዬ የሰበሰብኳትን ሙልጭ አድርጎ ወሰደ። ይኸው ጢም አብቅዬም ሌሊት ሲነቃብኝ እከራከረዋለሁ። አንዳንዴ እረታዋለሁ።

አሁን ሳስበው ግን ያ ሰውዬ አንድ ነገር ያውቅ ነበር። መያዣ ይይዛል። እኔስ? ካምፓስ ውስጥ ሳይክልና እስክሪብቶ የሕዝብ ናቸው። የገዛኸው አንተ፣ ጎማ ሲተነፍስ ጎሚስታ ጋ የምትሰለፈው አንተ፣ ፍሬኑ ሲበላ የምታስቀይረው አንተ። "ዛሬ እፈልጋታለሁ" ካልክ ደግሞ ንፉግ ነህ። ሳይክሏን የጠየቀህ ሰው አንተ ክፍል በምን እንደምትሄድ አንድ ቀን አይጠይቅህም። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ያናድዳል። ጎማው ተንፍሶ ስትመለስም መልሱ አንድ ነው፦ "እኔ ስወስዳት እንዲህ ነበረች።"

(ይህን ስጽፍ አከራዩ ሰውዬ ትዝ አለኝ። የእሱንና የኔን ነገር አታገናኙብኝ። የኔው በእርግጥ ጠማማ ነበር።)

ረጅሙ ጓደኛዬ ደግሞ ሲዋስ ታሪክ ይጠቅሳል። "እኛ እኮ የብስክሌት አገር ነን" ይላል፣ ቁልፌን እየወሰደ። "በ1949 ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ ሳይክለኞችም ነበሩን፣ እነ ገረመው ደንቦባ!" እውነቱን ነው፣ ነበሩ። ግን ገረመው ደንቦባ ሜልቦርን የሄደው "አንዴ ደርሼ ልምጣ" ብሎ በጓደኛው ሳይክል አይመስለኝም።

ለማንኛውም፣ መቀመጫው። ለማውረድ የ14 ቁልፍ ያስፈልጋል። እኔ የለኝም። ፊት ለፊት ዶርም ያለ አንድ የሜካኒካል ተማሪ ጋ ሮጥኩ። ልጁ ቁልፉን ሲሰጠኝ ትንሽ አመነታ፤ አልወደድኩለትም። ንፉግ መሰለኝ። ቡሎኑ ዝጓል። ታገልኩት፣ ግማሽ ጣት ያህል ወረደ፣ ከዚያ በቃ አለ። ክፍል በእግሬ ገባሁ፣ ሳይክሏን እየገፋሁ፣ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ።

አሁን ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ልጁ ሦስተኛ ጊዜ እየደወለ ነው። ለሁለቱ ጥሪ "መጣሁ" ብየዋለሁ።