አባት እንዳይጻፍላቸው የተከለከሉ ልጆች

በልጅነቴ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ እናት በነጠላ ጠቅልለው የሚያስቀምጧት ፎቶ ነበረቻቸው። አንድ ወጣት ጣሊያናዊ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ካሚዮን ተደግፎ ቆሟል። ጀርባዋ ላይ በእርሳስ «ጁሴፔ» ይላል። ሌላ ነገር የለም። እኚህ እናት ስለ አባታቸው የሚያውቁት ይህንኑ ነው። መታወቂያቸው ላይ በአባት ቦታ የሰፈረው የእናታቸው አባት ስም ነበር።

እንዲህ ያለ ቤተሰብ አዲስ አበባም፣ ደሴም፣ ጎንደርም፣ አስመራም አለ። አሁን የልጅ ልጆች የዘር ሐረጋቸውን እየፈለጉ ነው። ደግ አደረጉ። እኔን የሚያንገበግበኝ የጣሊያን ዜግነት ሲጠይቁ የሚገጥማቸው ነገር ነው፦ አባትየው ልጄ ነው ብሎ የተቀበለበት ወረቀት አምጡ።

ወረቀቱ እኮ በሕግ የተከለከለ ነበር! የሙሶሊኒ መንግሥት በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። በግንቦት 1932 ደግሞ ባሰበት፤ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን እንዳይቀበል፣ ስሙንም እንዳይሰጠው ከለከለ። ማሳደጊያውም በእናቲቱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሕጉ የተሻረው በ1939 ነው። ያኔ ብዙዎቹ አባቶች ወይ በምርኮ ኬንያ ተወስደዋል፣ ወይ በመርከብ አገራቸው ገብተዋል። እዚህ የቀሩትን ልጆች ደግሞ «ዲቃላ» የሚለው ስድብ አፋቸውን አስያዛቸው።

ከልካዩም ማስረጃ አምጡ ባዩም ያው አንድ መንግሥት ነው። ቢያንስ በዚያ ሕግ ዘመን ለተወለዱት የክርስትና መዝገብን፣ ፎቶንና የዲኤንኤ ውጤትን አንድ ላይ አይቶ ሊቀበል ይገባዋል።

ፍለጋውን ለጀመራችሁ፦ የጣሊያን ወታደሮች የአገልግሎት መዝገብ እዚያው ጣሊያን በየክፍለ አገሩ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። የትውልድ ቦታና ዘመን፣ የዘመቱበትም አገር አለበት። ግን ሙሉ ስምና የመጣበትን አካባቢ ካላወቃችሁ መዝገቡን ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ አሮጊቶቹን ዛሬውኑ ጠይቁ። «ናፖሊ ነኝ ይል ነበር»፣ «የደሴን መንገድ ሲሠሩ ሹፌር ነበር» የምትል አንዲት ወሬ ብዙ በር ትከፍታለች።

ጎረቤታችንን የወለዱት እናት ፎቶው ላይ የሉም። ጠላ ጠምቀው፣ እንጨት ሸጠው ልጃቸውን ያሳደጉት ግን እሳቸው ናቸው። ሐረጉን መጻፍ የጀመረችው የልጅ ልጅም መጀመሪያ ያሰፈረችው የእሳቸውን ስም ነው።