የስደተኛን እህል አትብሉ

ወገኖቼ፣ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን የሚለውን ንግግር ለጊዜው እንተወው። እኔ ሰልችቶኛል። በስደተኞች እርዳታ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ፕሮግራም መርቻለሁ፤ በየስብሰባው ተቀምጫለሁ። ስብሰባው ሁሌም የሚጀመረው በነጃሺ ነው። ከመካ የሸሹትን ያስጠለለው ንጉሥ ልጆች ነን ይባላል። ቀጥሎ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1969 እዚሁ አዲስ አበባ መፈረሙ ይወሳል። ከዚያ ስደተኛው እንዲሠራና እንዲማር የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ይነሳል። ሁሉም እውነት ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኛ አገራችን መኖሩም እውነት ነው።

እኔ ግን ይህን ንግግር በሰማሁ ቁጥር አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ትመጣብኛለች።

ነገሩ የሆነው በ2015 ክረምት ነው። ታስታውሱ ይሆናል፤ የእርዳታ እህል በሰፊው እየተዘረፈ መሆኑ ታወቀና መጀመሪያ ትግራይ ላይ፣ ከዚያ በሰኔ መጀመሪያ በመላ አገሪቱ እደላው ቆመ። የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ አቆመ። የዓለም ምግብ ፕሮግራምም አቆመ። ስደተኞቹም አብረው ተቆረጡ፤ ወደ 900 ሺህ ሰው። ሰራቂዎቹ እነሱ አልነበሩም። ቅጣቱ ግን መጀመሪያ የደረሰው እነሱ ድስት ላይ ነው። እደላው ተመልሶ የጀመረላቸው በመስከረም 2016 መጨረሻ ነው። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜ፣ መስከረም። ክረምቱን በሙሉ።

ጋምቤላን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ኩሌ፣ ቲርኪዲ፣ ንጉኝየል፣ ጄዊ ካምፖች ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛው ሴትና ሕፃን ነው። ከታኅሣሥ 2006 ጀምሮ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ያባረረው ነው። ማሳ የለውም። ከብቱን ትቶ ነው የመጣው። ራሽኑ ከዚያ በፊትም ተቀንሶ ነበር። በክረምት ባሮ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ የቀን ሥራ ይጠፋል። የቀረው ማገዶ ለቅሞ መሸጥ ነው። ለማገዶ ጫካ የገባች ሴት ምን እንደሚያጋጥማት ደግሞ እዚያ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ነሐሴ ላይ ከካምፕ ስንመለስ ዝናብ ያዘንና መንገድ ዳር ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ቆምን። ሹፌሩ ጎማ ሲያይ እኔ ውሃ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ከፊቴ አንዲት ደቡብ ሱዳናዊት እናት አለች። ሕፃን ታቅፋለች። አጠገቧ ልጇ ቆማለች። ማገዶ ሸጣ መምጣቷ ያስታውቃል፤ ማሰሪያው ገመድ ክንዷ ላይ ተጠምጥሟል። ከባንኮኒው አጠገብ አፉ የተከፈተ ማዳበሪያ ቆሟል። ስንዴ ነው። ማዳበሪያው ላይ ያለውን ሰማያዊ የእርዳታ ምልክት ከሩቅ ለየሁት፤ ስንት ዓመት ስረከበውና ስፈርምበት የኖርኩት ነው።

ባለሱቁ በጣሳ ሰፈረ። ጣሳው ሲሞላ አናቱን በመዳፉ ገፈፈው። እናትየው በጣቷ አናቱን አሳየችው፤ ሙላልኝ ማለቷ ነው። «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አላት። ከቀሚሷ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ብሩ ርሷል። አንድ በአንድ ቆጠረችለት። ሁለት ጣሳ ገዛች። ቤቷ ስንት ሰው እንደሚጠብቃት አላውቅም።

በዚህ መሃል ልጅቷ ማዳበሪያው ላይ የተጻፈውን በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። የካምፕ ትምህርት ቤት ተማሪ መሆኗ ነው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አስተማሪ ፊት እንደቆመች፦ «ኖት… ፎር… ሴል።»

ለሽያጭ የማይውል።

ሱቁ ውስጥ አራት አምስት ሰው ነበርን። ሁላችንም ገብቶናል። ባለሱቁ «ጎበዝ! አስተምረዋታል እኮ!» አለ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የምር አስቋቸው ነው። አንዱ እንደውም ከረሜላ ገዝቶ ሰጣት። እናትየው ምን እንደተባለ አልገባትም። ልጇ የተመሰገነች መሰላት። እሷም ፈገግ አለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ አመሰገነችና ዝናቡ ውስጥ ገባች።

የራሷን ስንዴ በማገዶ ገዝታ፣ ተስቆባት፣ አመስግና ሄደች።

ባለሱቁን ጠየቅሁት። «ከእነሱው የገዛሁት ነው» አለኝ። ይህን መልስ አውቀዋለሁ። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ስለማታውቁት ልንገራችሁ። ለስደተኛ የሚሰጠው ጥሬ እህል ነው፣ ስንዴ ወይ ማሽላ። ወፍጮ ገንዘብ ይፈልጋል። ገንዘብ የሌለው ሰው ከእህሉ ላይ ቀንሶ ይሸጣል፣ በዚያ ያስፈጫል። ጨውም ሳሙናም የሚገዛው በዚያው ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ የታየ የእርዳታ እህል ሁሉ የተሰረቀ አይደለም። ስደተኛ የሸጠውን ገዛ ብዬ ሰው አልኮንንም።

ግን እደላ ከቆመ ሦስተኛ ወሩ ነበር። ስደተኛው ምን አለውና ይሸጣል? ከባለሱቁ ጀርባ ደግሞ እስከ ጣሪያው የተደረደረ ማዳበሪያ አየሁ፤ የፋብሪካው ስፌት ያልተፈታ። ስደተኛ ስፌቱ ያልተፈታ ማዳበሪያ ደርድሮ አይሸጥም። ያ እህል ካምፕ ሳይደርስ የቀረ ነው። ለሚመለከተው አመለከትኩ። መልሱ አጭር ነበር፤ ከስደተኞች የተገዛ ነው ተባለና ፋይሉ ተዘጋ።

አሁን ጣቴን ጋምቤላ ላይ እንዳልቀሰርኩ እወቁልኝ። ያ እህል ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ፣ አዳማ መጋዘን ገብቶ፣ ስንት ኬላ አልፎ ነው የሚመጣው። በየመንገዱ እጅ አለ። የሚያጎድል ሚዛን ያዥ አለ። ሁለት ኩንታል አውርዶ የሚያልፍ ሹፌር አለ። ያልመጣውን መጣ ብሎ የሚፈርም አለ። የሌለ ሰው ዝርዝር ውስጥ የሚያስገባ አለ። በጅምላ የሚረከብ ነጋዴ አለ፣ የሚፈጭ ዱቄት ፋብሪካ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እናንተ አላችሁ። ዱቄቱ ከሌላው ቀነስ ይላልና ትገዛላችሁ። ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ስንት ነው? ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒናት ከተማ ሱቅ ውስጥ ከብስኩት ጎን ተደርድሮ ስታዩ ለልጆቻችሁ የገዛችሁ የላችሁም? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንል ሰዎች ነን። ተረቱን እየሳቅን ነው ለልጆቻችን የምናወርሰው።

ይባስ ብሎ የተቆጣነው በማን ላይ እንደነበር አስታውሱ። በዚያ ክረምት በየሻይ ቤቱ የሚሰማው ስድብ እህሉን ባቆሙት ፈረንጆች ላይ ነበር። ማቆማቸውን እኔም አልደግፍም። የሌባን ጥፋት ከተዘረፈው ሰው ጉሮሮ ማስከፈል ፍርድ አይደለም፤ ያኔም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ግን አንድም ቀን በሌባው ላይ ያን ያህል ስንቆጣ አልሰማሁም። ሌባው የእኛ ሰው ነው። የጎረቤታችን ልጅ ነው። ሰርግ ላይ ከፊት እናስቀምጠዋለን። ቤት ሲሠራ «ጎበዝ ነው» እንላለን። ኋላ እደላው የተጀመረው እኮ የመጋዘኑና የስርጭቱ ሥራ ከመንግሥት እጅ እንዲወጣ ተስማምተው ነው። በገዛ አገራችን፣ እንግዶቻችን ብለን ለተቀበልናቸው ሰዎች፣ እህል ለመስፈር አትታመኑም ተባልን። ይህን ሰምቶ ያፈረ ሰው ፈልጌ ብዙ አላገኘሁም።

እነዚያ አራት ወራት እንዴት እንዳለፉ ብዙ ማውራት አልችልም። አልሚ ምግቡ ለተጎዱ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አልቆመም ነበር። ስለዚህ ለአንዱ ሕፃን የተሰጠው ለወንድም እህቶቹ ይከፋፈላል፤ ሕፃኑም ሳያገግም ይቀራል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ታውቃለች፣ እናትየው ታውቃለች። ማን ምን ይበል? ሌሎቹ ሲራቡ አንዱን ብቻ አብሉ ተብሎ ለእናት ይነገራል? ጦርነቱ ወዳለበት አገር ተመልሰው የሄዱም አሉ። ከረሃብና ከጥይት ጥይቱን መርጠው።

እኛስ? በእርዳታ ሥራ የምንተዳደረው? የእነሱ ራሽን ሲቆም የእኛ ደመወዝ አልቆመም። መኪናችን ነዳጅ ነበረው። ሪፖርታችን ላይ «ተግዳሮቶች» የሚል ርዕስ ሥር ሁለት መስመር ጻፍን። ሱቆቹን ከሹፌሩ እስከ ኃላፊው ሁላችንም እናውቃቸው ነበር።

ጋምቤላ ሩቅ ነው የሚለኝ ካለ መተማን ይመልከት። በኅዳር 2013 ከትግራይ የሸሹ ወገኖቻችን በአሥር ሺዎች ሱዳን ሲገቡ የገዳሪፍና የከሰላ ሰው ከራሱ ድህነት ላይ ቀንሶ አበላቸው። ኡም ራኩባ ካምፕ ቀድሞም በ1977 ረሃብ እኛን ያስጠለለ ቦታ ነው። በሚያዝያ 2015 ተራው የሱዳን ሆነ፤ ሰዎቹ በመተማ በኩል መጡ። ምን ጠበቃቸው? ኩመርና አውላላ ካምፖች ውስጥ ተዘረፉ፣ ተደበደቡ። በ2016 ብዙዎቹ ፈርተው አውላላን ለቀው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። አካባቢው ላይ ግጭት እንዳለ አውቃለሁ፤ ነዋሪውም እንደተጎዳ አውቃለሁ። ስልክና ብርድ ልብስ ከስደተኛ መንጠቅ ግን ከየትኛውም ወገን ጦርነት ጋር ግንኙነት የለውም።

አሁን ደግሞ ጊዜው ከፋ። ዩኤስኤአይዲ ራሱ ፈርሷል። የለጋሽ ገንዘብ እየደረቀ ነው። ከጥቅምት 2018 ጀምሮ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ27 ካምፖች ለሚኖሩ 780 ሺህ ስደተኞች ራሽኑን ከሙሉው ድርሻ 60 በመቶ ወደ 40 በመቶ አወረደው። ለአንድ ሰው በቀን ከ1,000 ካሎሪ በታች ማለት ነው። ከዚህ ላይ አንድ ጣሳ የሚያጎድል ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ በደንብ ይወቅ። ድሮ «ብዙ ነው፣ አይታወቅም» ይባል ይሆናል። ዛሬ ብዙ የሚባል የለም።

ምን ታደርጉ? ከባድ ነገር አልጠይቅም። የእርዳታ ምልክት ያለበትን እህል ስፌቱ ባልተፈታ ማዳበሪያ ተደርድሮ ካያችሁ አትግዙ። ርካሽ ቢሆንም አትግዙ። ወንድማችሁ መጋዘን ጠባቂ ከሆነ፣ በደመወዙ የማይመጣ ነገር ይዞ ሲገባ ከየት አመጣኸው በሉት፤ እናትና አባት ይጠይቁት። የሃይማኖት አባቶች፣ ዐሥራትና ዘካ ስትቀበሉ ስጦታው ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የቀበሌ ሹሞች፣ ነጋዴው ዘመዳችሁ ቢሆንም አትሸፍኑት። በየማከፋፈያው የተለጠፈ የጥቆማ ስልክ አለ፤ ለስደተኛ ብቻ አይደለም፣ ለእናንተም ነው።

ሰሚ አገኛለሁ ብዬ እርግጠኛ አይደለሁም። ደክሞኛል። ግን በዚያው ክረምት ኩሌ አጠገብ ያሉ ነዋሪዎች፣ እነሱም ጎርፍ የበላባቸው ድሆች፣ ከጓሯቸው እሸት በቆሎ እየሸለቀቁ ለካምፕ ልጆች ሲሰጡ አይቻለሁ። ማንም አልተሰበሰበም፣ ነጃሺም አልተጠቀሰም።

የጥቆማው ስልክ ላይ ከስደተኛ ውጪ የሚደውል ብርቅ ነው። በቀደም ግን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደወለ። መንገድ ላይ ሃያ ማዳበሪያ አራግፍ ተብሎ እምቢ እንዳለ ነገረን፣ ቦታውንም ነገረን። ስሙን አልተናገረም። ሥራውን ሳያጣ አይቀርም። እንደ እሱ ያለ ሌላም ከመካከላችሁ ይኖራል ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።