ዓይን ለዓይን ማየት ከመቼ ወዲህ ነው የቅጥር መስፈርት የሆነው?

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ በተገናኙበት አንድ መድረክ የኦቲዝም ጉዳይ ተነሳ። ኦቲዝም ኖሮባቸው ዲግሪ ይዘው ቤት ስለተቀመጡት ወጣቶች የተጠየቁ አንድ ኃላፊ «የሚያይ፣ የሚሰማ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው አካል ጉዳተኛ አይባልም፤ መጀመሪያ የሰው ዓይን እያየ መናገር ይልመድ» ብለው መለሱ። አዳራሹም ሳቀ።

እስኪ ከዓይኑ እንጀምር። ጎጃም ውስጥ ታላቅ ፊት ዓይኑን ዝቅ እንዲያደርግ ተቆንጥጦ ያላደገ ማን አለ? አፍጥጦ የሚያይማ «ዓይን አውጣ» ነው የሚባለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጨዋነት ያልነውን ነገር፣ አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ በተቀመጠበት ቀን ድንገት ጉድለት ብለን ነጥብ እንቀንስበታለን። ኦቲዝም ያለበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓይን እያየ ማሰብ ይከብደዋል፤ ወይ ያያል፣ ወይ ያስባል። ሒሳብ ሠራተኛ ስትቀጥሩ የቱን ነው የምትፈልጉት?

ሕጉም ቢሆን ኃላፊውን አይደግፋቸውም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ የሚለው በአካል ብቻ ሳይሆን በአእምሮ ወይም በስሜት ሕዋሳት ጉዳት የተነሳ እኩል የሥራ ዕድሉ የጠበበበትን ሰው ጭምር ነው። ዊልቸር ካላዩ የማያምኑ ሰዎች አዋጁን ገልጠው ይዩት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ካቋቋሙ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል፤ የዚያን ጊዜ ልጆች ዛሬ ሥራ ፈላጊ ናቸው። እኛ ግን ኦቲዝም ሲባል አሁንም የሚታየን የማይናገር ሕፃን ብቻ ነው።

ዋናው በሽታ ቃለ መጠይቁ ነው። ኦቲዝም ያለበት ተመራቂ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና አልፏል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቀ ከሆነ የመውጫ ፈተናውንም አልፏል። ይህን ሁሉ ያለፈው በወረቀትና በኮምፒውተር ነው። ከዚያ «እስኪ ስለ ራስህ ንገረን» የሚባል ጥያቄ ይመጣል። ከየት ይጀምር? ከልደቱ? ከመጨረሻ ሥራው? ጥያቄው ወሰን የለውም፤ ስለዚህ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ የትውልድ ቀበሌውን ታሪክ ሩብ ሰዓት ይተርካል። ኮሚቴው «የመግባባት ችግር» ብሎ ይሞላል። ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ!

ግምጃ ቤት ጠባቂ ከፈለጋችሁ በሞዴል 19 የገባውን፣ በሞዴል 22 የወጣውንና በቢን ካርዱ ላይ የቀረውን አስቀምጡለትና ጸጥ ባለ ክፍል ሁለት ሰዓት ስጡት። የማይገጥመውን ቁጥር ካገኘ ችሎታውን አያችሁ፤ ካላገኘም አወቃችሁ። ለሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ የአንድ ወር ደረሰኝና የባንክ መግለጫ ይበቃል። ቃለ መጠይቅ የግድ ከሆነ ጥያቄዎቹን ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ላኩ፣ ጠያቂው አንድ ሰው ይሁን፣ ሁለት ጥያቄ ባንድ ትንፋሽ አታዝንቡ፣ መልሱን መጻፍ ከፈለገ ፍቀዱ። «ብትቸገር ምን ታደርጋለህ?» ከማለት «ሦስት ደረሰኝ ቢጎድል መጀመሪያ ማን ጋ ትሄዳለህ?» ማለት ይሻላል። የግል ቀጣሪ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ተፈቅዶለታል። ይህ እያለው የሩብ ሰዓት ወሬ ላይ ሙጭጭ ማለቱ አይገባኝም። ደንበኛ ፊት ለሚቀመጥ ሠራተኛ ንግግር ይፈተን፣ እሺ። ለሌላው ግን ሰበብ ነው።

«ይህን ከፈቀድን ሁሉም ኦቲዝም ነኝ ይላል» የሚለው ክርክር ደግሞ የባሰ ነው። ይበል! ጥያቄውን በወረቀት ለሁሉም አመልካች ስጡ፤ የሚጎዳው የወረቀት ዋጋ ብቻ ነው። «ሁሉም ሊቅ ናቸው» የሚሉት ወዳጆቻችንም ቢሆኑ አይረዱንም፤ አብዛኛው እንደማንም መካከለኛ ሠራተኛ ነው፣ መካከለኛም ደመወዝ ይገባዋል።

ከተቀጠረ በኋላ የሚያስባርረው አብዛኛውን ጊዜ ሥራው አይደለም። በቅኔ አገር አለቃም ሰምና ወርቅ ነው የሚናገር፦ «ሲመችህ እያት» ይላል፣ «አሁን አድርሳት» ማለቱ ነው። ሰሙን ብቻ የሰማው ሠራተኛ እስኪመቸው ይጠብቃል፤ ማታ «ልግመኛ» ይባላል። ምን፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ ለማን እንደሚሰጥ በአንድ መስመር ጻፉለት። ጠዋት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ እንደምን አደራችሁ ባለማለቱም ንቀት ይመስላቸዋል፤ እሱ ከፈቀደ ለባልደረቦቹ ሁለት ደቂቃ ማስረዳት ይበቃል። ወንበሩን ከጄኔሬተሩና ከበሩ አርቁ። ፈረቃ ሲቀየር በዋዜማው ንገሩት።

የኦቲዝም ማስረጃ ፍለጋ ሆስፒታል የምትሄዱ ደግሞ ብቻችሁን አትሂዱ። የአእምሮ ሐኪሙ ስለ ልጅነታችሁ ይጠይቃል፤ መቼ አፍ እንደፈታችሁ፣ እንዴት እንደተጫወታችሁ የምታውቅ እናት ወይም ታላቅ እህት ትምጣ። የአንደኛ ደረጃ ካርድ ላይ መምህሩ የጻፈው አስተያየት ካለ ያዙ። «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማሃል?» ስትባሉ የመብራቱን ጥዝታ አስባችሁ «አዎ» ብላችሁ እንዳትቆሙ፤ ምን እንደምትሰሙ ዘርዝሩ። በዚህች አንዲት «አዎ» ለሌላ ሕመም መድኃኒት ይዞ የሚወጣ አለ። «አስፐርገር» የሚል የቆየ ወረቀት ያላችሁም አትጣሉት፤ የአሜሪካው የምርመራ መመሪያ በ2013 እ.ኤ.አ. በኦቲዝም ሥር ጠቅልሎታል።

ይህን ሁሉ አሟልቶ በአካል ጉዳቱ ምክንያት አድልዎ ተደርጎብኛል የሚል ሰው መክሰስ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት የማስረዳት ሸክሙ የከሳሽ አይደለም፤ አድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት ተከሳሹ መሥሪያ ቤት ነው። «ዓይን አያይም» የሚል የነጥብ መሙያ ይዞ ዳኛ ፊት የሚቀርበውን ኮሚቴ ለማየት ቸኩያለሁ።