ሲሸጥስ?

በዚህ አገር መኪና የገዛን ሰው አንድ ሰዓት እንኳ በሰላም የማታስደስት ጥያቄ አለች፤ "ሲሸጥስ ያወጣል?" የምትባለው። ባለፈው ሰሞን ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን መምህር የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተው ጎንደር ማራኪ ሰፈር ያለው ቤታቸው በር ላይ አቆሙ። ልጆች ተንጫጩ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። የሰፈራችን ደላላ ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንድ ጊዜ ዞራትና፣ "ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ስትሸጥ ግን ዋጋ ታወጣለች?" አላቸው። ሰውየው ገና ቁልፉን ኪሳቸው አልከተቱም።

ልብ በሉ፣ "ዳገት ትወጣለች ወይ?" አላለም። ቢል እኮ መልስ ነበረው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የኤሌክትሪኩ ግን አየር ስለማይፈልግ ደንታም የለው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል ሲወርዱበት ደግሞ መኪናው ፍጥነቱን ሲገታ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ይህን ማን ጠየቀ? ሁለተኛው ጥያቄ "አዲስ አበባ ታደርሳለች?" ሆነ። መምህሩ መኪናዋን የፈለጓት ፒያሳ ወርደው ጋዜጣቸውን ሊያነቡ፣ እሑድ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሊሳለሙ ነው። አዲስ አበባ ጉዳይ ሲገጥማቸው አዘዞ ሄደው አውሮፕላን ይሳፈራሉ፤ ጠያቂውም እንዲሁ። ግን ያንን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በአንድ ትንፋሽ ካልጨረሰች መኪና አትባልም።

አንድ የምወደው ተረት አለ፤ "የቸገረው እርጉዝ ያገባል" የሚለው። የምወደውም፣ ሰው ሁሉ በንቀት ስለሚተርተው ነው። ምን ነውር አለው? የቸገረው ቢያንስ አገባ፣ ልጅም አገኘ፤ ያልቸገረው እስከ ዛሬ እያማረጠ ነው። የእኛና የኤሌክትሪክ መኪና ጋብቻም በፍቅር አልተጀመረም። መንግሥት ቫቱን፣ ኤክሳይዙንና ሱር ታክሱን አነሣለት፤ በጥር 2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያ ላይ የማደያው ሰልፍ አለ። ባጃጁ ተሰልፎ ያድራል፤ "አልቋል" የተባለው ቤንዚን ማደያው ፊት ለፊት በሃይላንድ ይቸበቸባል። አንድ ጎረምሳ እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሳለሁ ጀሪካን በጀሪካን ላይ ደርቦ በጓሮ በር ገባ። ምነው ብለው፣ "ለጄኔሬተር ነው አባቴ" አለኝ። የምን ጄኔሬተር ነው? ዛሬም ፒያሳ ባገኘው ሰላም አልለውም። ሰላም ልበለው?

ለነገሩ ደላላውን ብቻ ምን አስወቀሰኝ! ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም ቋንቋቸው ያው ነው፤ "ገበያው አልፈለገውም" ይላሉ። በ1990 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ጭስ የሌለው መኪና የግድ እንዲሸጡ የሚል ደንብ ስታወጣባቸው፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1996 ኢቪ 1 የምትባል የኤሌክትሪክ መኪና አወጣ። እሱም ቸግሮት ነበር ማለት ነው። ግን አልሸጣትም፤ አከራያት። ከ1,100 ጥቂት የሚበልጡ ሠራ፣ ደንቡ ሲላላ ከየተከራዩ እጅ ሰበሰበና አብዛኞቹን ጨፈለቀ። ተከራዮቹ "ሽጡልን፣ ገንዘቡ ይኸው!" እያሉ ደጅ ጠኑ። ፈላጊ የለም ተባለ። ፈላጊው በር ላይ ቆሞ!

የተገላቢጦሹን ደግሞ ስሙ። እዚያው አሜሪካ በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ፣ ከቤንዚን ሌላ ኤታኖል በሚባለው አልኮልም መሄድ የሚችል መኪና ለሚሠራ ፋብሪካ በነዳጅ ቁጠባ ግዴታው ላይ ምርቃት ይቆጥርለት ነበር። ፋብሪካዎቹ ምርቃቷን ወደዷት፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሠሩ። ብዙው ባለቤት ግን መኪናው ኤታኖል እንደሚጠጣ እንኳ አያውቅም፤ ቢያውቅም የሚቀዳለት ማደያ በአካባቢው የለም። ያ ሁሉ መኪና ቤንዚኑን እየጠጣ ዕድሜውን ጨረሰ። የፈለገው ተነፈገ፣ ያልጠየቀው ሳያውቅ ተሸከመ፤ ኋላ ይህ ሁሉ ተደምሮ "የገዢ ፍላጎት" ይባልልናል።

እኔን የምታስቀኝ ግን የፎርድ ሚስት ናት። ሄንሪ ፎርድ ዓለሙን በቤንዚን መኪናው በሞዴል ቲ ሲያጥለቀልቅ፣ ክላራ የምትነዳው ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ነበር። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ ከአንድ ማደያ ይቀዳል ግን አልተባለም። ክላራን "ሲሸጥስ?" ያላት የለም መሰለኝ።

እኛ ዘንድ ቢሆን ይሏት ነበር። የእህቴ ባል ቪትዝ ሲገዛ ቀይ እየወደደ ነጭ ገዛ፤ ነጭ ቶሎ ይሸጣላ! የመቀመጫዋን ላስቲክ ደግሞ ለዓመታት አላወለቀም። በግንቦት ፀሐይ ባሕር ዳር ድረስ ወሰደኝ፤ ላስቲኩ ከላቤ ጋር ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ዞር ባልኩ ቁጥር ይንጫጫል። ቆሎ ላወጣ ስል፣ "ተው ወንድሜ፣ ፍሬው ላስቲኩ ሥር ይገባል" ብሎ ከለከለኝ። በገዛ መኪናው፣ ለማያውቀው ገዢ ያለ ደመወዝ የተቀጠረ ዘበኛ ነው። በመጨረሻ ሸጣት። አዲሱ ባለቤትም ላስቲኩን አላወለቀም፤ እሱም ገዢ አለበት።

ደግሞ እኮ የሚጠየቅ ጠፍቶ አይደለም። የመምህሩ መኪና ለቻይና ገበያ የተሠራች ናት፤ ስክሪኗ የሚናገረው ቻይንኛ ነው። የሆነ ነገር ቀይ ይበራና መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው አፍጥጠው ያዩታል፤ ቀበቶ እሰር ትበል፣ ባትሪዬ ታመመ ትበል፣ እሷ ታውቃለች። ፋብሪካው ጎንደርን በሕልሙም አላያት፤ ያመጣት ነጋዴ ነው። ባትሪዋ ቢበላሽ የሚፈታት መካኒክ ማን ነው? መብራት ሲሄድስ? ጳጉሜን 2017 የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ዓባይም የሚወጣው ከዚሁ ከጣናችን ነው፤ ሰፈራችን ያለው ትራንስፎርመር ግን ይህን የሰማ አይመስልም። እንዲህ ብሎ የጠየቀ ቢኖር ቡና ጋብዤ አወራው ነበር።

ደላላው ትናንት መንገድ ላይ ያዘኝ። ለመምህሩ መኪና ገዢ አግኝቷል፤ እንዳግባባለት ፈልጎ ነው። "ልሽጥ ሳይሉህ? ሰውየው እኮ ወደዋታል፣ አይሸጡም" አልኩት።

"ዋጋውን አልሰሙማ" አለኝ።