የኳሳችንን ታሪክ በየጓዳው አትቅበሩት

ወገኖቼ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ አዲስ አበባ ስታዲየም ገብቶ ያየ ሰው፣ ያኔ ትንሽ ልጅ እንኳ ቢሆን ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ መቀበላቸውን ሁላችንም እናወራለን፤ ከዚያ አንድ እርምጃ አለፍ ብለን ስንጠየቅ ግን ማስረጃ በማቅረብ ፈንታ ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን። ዓመቱን እንኳ በቅጡ አልያዝነውም። የፈረንጆቹን 1962 እንዳለ ወስደን «ዓ.ም.» እየጨመርንበት ስንጽፍ፣ ድሉን በስምንት ዓመት አዘግይተን ለልጆቻችን እያወረስን ነው።

የሚያሳዝነኝ ደግሞ ከድሉ በፊት የነበረውን መርሳታችን ነው። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ከግብጽ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆነን የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረትን። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከመጀመሪያው ውድድር ስትወጣ እኛ ሳንጫወት ለፍጻሜ አለፍን፤ በፍጻሜውም በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፍን። በአምስት ዓመት ውስጥ ያ ሽንፈት እንዴት ተገለበጠ? ኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካን እግር ኳስ የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ቡድኑን እንዴት አዘጋጁት? የአስመራው፣ የድሬዳዋውና የአዲስ አበባው ተጫዋች እንዴት ተግባባ? እኔ ይህን ልጠይቃቸው ለዓመታት ሳስብ የቆየሁባቸው አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ዛሬ ነገ ስል የደረስኩት ለቀብራቸው ነው። የአምበሉም የሕይወት ታሪክ የታተመው በጣሊያንኛ ነው፤ እሳቸውም በ2015 ዓ.ም. መባቻ በስደት አገራቸው በጣሊያን ዐረፉ።

ተመራማሪዎች ሆይ፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር ገብታችሁ የድሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ማገላበጣችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን የደጋፊን ትዝታ የቡና ላይ ወሬ ብላችሁ አትናቁ። ጋዜጣው ግቡን ይመዘግባል፤ ተጫዋቹ ጫማውን ከማን እንደተዋሰ የሚያውቀው አጠገቡ የነበረ ሰው ነው። እናንተም ከስታዲየሙ የካታንጋና የሚስማር ተራ መቀመጫዎች የማትጠፉ ደጋፊዎች፣ «እኔ ነበርኩ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ትዝታችሁ ከጋዜጣውና ከሌላው ሰው ትዝታ ጋር ሲመሳከር አትቆጡ። ፎቶግራፍና የጨዋታ ትኬት በሻንጣ ቆልፋችሁ ለእንግዳ ብቻ የምታሳዩ፣ እናንተ ስታልፉ ልጆቻችሁ ምንነቱን ሳያውቁ ከአሮጌ ወረቀት ጋር እንደሚጥሉት አስቡ።

ስለዚህ በየከተማው፣ በክለብ ጽሕፈት ቤትም ሆነ በቀበሌ አዳራሽ፣ በወር አንድ ቀን ተገናኙ። በሰሜን አሜሪካ ያላችሁም በየዓመቱ ለስፖርት ፌዴሬሽኑ ውድድር ስትሰበሰቡ የቀድሞ ተጫዋቾች መካከላችሁ ናቸው፤ ከሜዳው ዳር አንድ ጠረጴዛና አንድ መቅረጫ አኑሩላቸው። መጀመሪያ አዛውንቶቹ ይናገሩ፤ የሚጽፈው ይጻፍ፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ፎቶግራፍ የምታመጡ ሁሉ፣ የቆሙትንና የተቀመጡትን ስም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ አምጡ።