እርማት፦ መጽሐፉን የጻፈችው ሃርፐር ሊ ናት

ወንድሜ፣ ስለ አሜሪካዊው ልቦለድ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ላርምህ። «እውነተኛው ደራሲ ትሩማን ካፖቲ ነው፤ ሃርፐር ሊ ስሟን ብቻ ነው የሰጠችው» ብለሃል። ካፖቲ የታወቀ አሜሪካዊ ደራሲ ነበር፤ ይሄ ግን ለዓመታት ሲወራ የኖረ አሉባልታ ነው።

ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሁለቱ በልጅነታቸው አላባማ ውስጥ፣ ሞንሮቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ጎረቤታሞች ነበሩ። መጽሐፉ ውስጥ ዲል የሚባለው ገጸ ባሕሪም የተቀዳው ከካፖቲ ነው። እሷ ደግሞ እስከ 2015 ድረስ ሌላ ልቦለድ አላሳተመችም። ሰው ጠረጠረ።

ካፖቲ ራሱ ግን በጁላይ 1959 ለአክስቱ በላከው ደብዳቤ የሊን መጽሐፍ እንዳየው፣ በጣም እንደወደደው፣ ትልቅ ተሰጥኦ እንዳላት ጽፏል። መጽሐፉ የታተመው ከዚያ በኋላ፣ በ1960 ነው። የራሱ ሥራ ቢሆን እንዲህ ይጽፍ ነበር?

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ረቂቅም አለ። በ2015 «ጎ ሴት ኤ ዎችማን» ተብሎ የወጣው እሱ ነው። እዚያ ላይ ዋናዋ ገጸ ባሕሪ ስካውት ትልቅ ሴት ናት። አርታኢዋ ቴይ ሆሆፍ ወደ ስካውት የልጅነት ዘመን እንድትመለስ ገፋፋቻት። ሊም ደጋግማ ጻፈችው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን አባቷ ናቸው። ጠበቃ ነበሩ። በነፍስ ግድያ ለተከሰሱ ሁለት ጥቁሮች ጥብቅና ቆመው ነበር፤ ሁለቱም ተሰቀሉ። ጥቁሮቹ ሰገነት ላይ ተለይተው የሚቀመጡበትን ያንን የልቦለዱን ፍርድ ቤት የጻፈችው የእኚህ ሰው ልጅ ናት።

እባክህ ጽሑፍህ ላይ ስሟን መልስላት።